የኋልዮሽ ጨፋሪው

ከበሮ መቺው ፖሊስ ጣቢያ የገባው በገዛ እግሩ ነው። ማንም አልጎተተውም፣ ማንም አልጠረጠረውም። ተረኛው ፖሊስ ፊት ቆሞ «ጋሽ እግሬን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ማቆሚያውን አልመታሁለትም» አለና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ ሻይ ቢያቀርቡለት አንዲት ቃል አልጨመረም።

የጣቢያው አዛዥ ደስ አለው። ሰው ሞተ፣ ገዳይ መጣ፣ አመነ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ፋይሉን ለኢንስፔክተሯ እያቀበላት «ፈርመሽ ወደ ዐቃቤ ሕግ ላኪው» አላት።

«ቆይ» አለች።

አዛዡ ዓይኑን ጨፈነ። ይህችን ቃል ያውቃታል። ሴትዮዋ ሰው ወሬውን ሳይጨርስ «ቆይ» ስለምትል ጣቢያው ውስጥ በሌለችበት የሚጠሯት «እሜቴ ቆይ» እያሉ ነው። እሷም ታውቃለች፤ አንድ ቀን ግን ከፍቷት አያውቅም።

«ለምን ገደልከው ሲባል ምን አለ?»

«ምንም።»

«የዕድሜ ልክ ጓደኛውን? እንዲሁ?»

«ሰውዬው አምኗል እኮ!»

«እሱ ነው የከነከነኝ። ገዳይ ሲያምን አፉ አይዘጋም። ሟቹን ይረግማል፣ ለራሱ ያለቅሳል፣ ‹ምን ላድርግ፣ አናደደኝ› ይላል። ይሄ ሰውዬ ግን ያመነ አይመስልም፤ በር የዘጋብን ነው የሚመስለው።»

አዛዡ ፋይሉን መልሶ ሊወስድ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ብብቷ ስር ወትፋው ወጥታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈሩ የድሮ የእንጨት መሰንጠቂያ ሰፈር ነው። መሰንጠቂያው ከተዘጋ ቆይቷል፤ አዳራሹ ግን አለ። የከተማው የባህል ክፍል በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንታት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሰፈርተኛው በነፃ ጭፈራ ያሳይበታል። ሰው ወንበሩን ከቤቱ ተሸክሞ ይመጣል፤ ቦታ ያጣ አጥር ላይ ይወጣል። ያ ሁሉ ሰው የሚመጣው ግን የኋልዮሽን ለማየት ነው። የኋልዮሽ የሰፈሩ የራሱ ጭፈራ ነው፤ ሌላ ቦታ ሄደህ አታገኘውም። ድሮ ግንድ ለሁለት ሲሸከሙ የፊተኛው ፊቱን ወደ ግንዱ አዙሮ ወደ ኋላ ነበር የሚሄደው። ወዴት እንደሚሄድ አያይም። ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ጓደኛው ግንዱን በመዳፉ ድው ድው ድው ሲያደርግለት ይቆማል። ጭፈራውም እንደዚያው ነው። መሪው ከመድረኩ ፊት ተነስቶ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ ወደ ኋላ እየጨፈረ ይሄዳል፤ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ከበሮ መቺው ማቆሚያውን ይመታለታል፤ መሪው ተረከዙ አየር ላይ እንደቀረ ቀጥ ይላል። ያኔ የሰማ ሁሉ አንዴ ያጨበጭባል። ዞሮ ማየት ነውር ነው። ዞሮ ያየ መሪ ጓደኛውን አላመነም፤ ከዚያ በኋላ ማንም አብሮት አይጨፍርም።

ጋሽ እግሬ ይህን ጭፈራ ከሁሉ በላይ ይችለው ነበር። «እንዴት ብለህ ነው ልክ ጠርዙ ላይ የምትቆመው?» ሲሉት «እግሬ ያውቃል» ስለሚል ነው ይህ ስም የወጣለት። በጉልበቱ ጊዜ እውነተኛውን ግንድ ተሸክሟል፤ ከግንዱ ወዲያኛው ጫፍ የነበረውም ይሄው ከበሮ መቺ ነው። የዘንድሮው ዝግጅት በሚከፈትበት ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ መጋረጃ ዘግተው ሲለማመዱ፣ ጋሽ እግሬ የመድረኩን የኋላ ጠርዝ አልፎ ድሮ ግንድ በሚወርድበት የሲሚንቶ ተዳፋት ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ሳይደርስ ነፍሱ ወጣች።

አስተባባሪዋ ከባህል ክፍል የተላከች ወጣት ናት። ኢንስፔክተሯ አዳራሹ ውስጥ ስታገኛት ወንበር እያጠፈች ታለቅስ ነበር።

«ሲወድቅ የት ነበርሽ?»

«ፊት ለፊት ግቢው ውስጥ፣ ድምፅ ማጉያ እያስሞከርኩ። አናጺውም የጋሽ እግሬ ልጅም አብረውኝ ወንበር ይደረድሩ ነበር። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፤ ከውስጥ ምንም አይሰማም። ሙዚቃውን ሳጠፋው ነው የጋሽ ከበሮን ኡኡታ የሰማነው።»

«ከሟቹ ጋር አትስማሙም ይባላል።»

«አልዋሽም።» አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። «ከኋላ መከታ እንሥራ ብሎ አናጺው ጠይቆኝ ነበር። ለፎቶ ያስጠላል ብዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ይሄንን ይጻፉት፤ ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ግን እሳቸውም ይንቁኝ ነበር። ከኋላቸው ሆኜ ስጠራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ! ጉሮሮዬ እስኪነቃ ብጣራ ዘወር አይሉም። ዞሬ ፊታቸው ስቆም ደግሞ ‹ልጄ፣ መጣሽ?› ብለው ይስሙኛል። ሰው እንዲህ ይቀለድበታል?»

«ቆይ። ከኋላ ሲሆን ይንቁሻል፣ ከፊት ሲሆን ይወዱሻል?»

«ልክ እንደዚያ።»

አናጺው ደግሞ ገና ሳይጠየቅ «እኔ ምንም አላውቅም» ብሎ ጀመረ። አጠር ያለ፣ በሥራው የሚኮራ ሰው ነው፤ መዶሻውን ከወገቡ አያወጣም።

«ምን ጠየቅኩህና ነው የማታውቀው?»

«እንዲያው ነገሩን ነው።»

«ስለ ጋሽ እግሬ ንገረኝ እንግዲህ።»

ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። «ደፋር ነበር። አጠገቡ ድንገት መዶሻ ስመታ ሌላው ሰው ክው ይላል፤ እሱ ቅንድቡ አይነቃነቅም። ደግሞ ጫማ የሚባል ጠላቱ ነው። በዚህ ሁሉ ብርድ መድረክ ላይ ባዶ እግሩን። ‹ሚስማር ይወጋሃል አንተ ሰውዬ› ስለው ይስቅብኛል።»

ኢንስፔክተሯ መድረኩን ዞራ ከኋላ በኩል ተንበረከከች። ጉልበቷ ጮኸ፤ «ኡፍ» አለች። የመድረኩ ሳንቃ በሸራ ተሸፍኗል፤ የሸራው ጠርዝ በጎን ወርዶ በትንንሽ ሚስማር ተመትቷል። ከሚስማሩ በታች፣ በተንጠለጠለው ጠርዝ ላይ፣ በረድፍ ባዶ ቀዳዳዎች አሉ። ጣቶቿን አስጠግታ ለካች። ከሚስማሩ እስከ ባዶው ቀዳዳ ሁለት ጣት ያህል ነው።

«ይሄን ሸራ የወጠርከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ቅዳሜ በማለዳ።»

«ይሄ የጠመመ ሚስማርም ያንተ ነው?»

አናጺው ጎንበስ ብሎ አየ። ደሙ ፈላ። «ይሄ እኮ በድንጋይ የተመታ ነው! እኔ ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያለ...» አለና አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ «እኔ ምንም አላውቅም» አለ።

«ግድ የለም» አለችው፤ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ሸራው አንድ ጊዜ ተመትቶ፣ ተነቅሎ፣ እንደገና ተመትቷል ማለት ነው። የነቀለው ሰው አናጺ አይደለም፤ ችኮላም ላይ ነበር።

የጋሽ እግሬ ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ጀርባውን ለበሩ የሰጠ ወንበር። ሴት ልጁ አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። እናቷ በልጅነቷ ሞታ አባቷ ብቻውን ያሳደጋት ልጅ ናት። አሁን ሌላ ከተማ፣ ሕፃናት ስፖርት በሚማሩበት ቤት ትሠራለች። ዝግጅቱን ለማየት የመጣችው አባቷ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ነው።

«ያ ሰውዬ ስንት ዓመት ይፈረድበታል?» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ።

«የትኛው?»

«አጎቴ እያልኩ ያደግኩት ነዋ! ዝምድና የለንም፤ ከአባዬ ጎን ስለማይጠፋ ነው አጎቴ የምለው። ገዳይ! መግደሉ አልበቃው ብሎ አምቡላንስ ውስጥ እንኳ አልገባም። እጁን ይዤ ‹ና፣ ግባ› አልኩት። ‹እናንተ ሂዱ› ብሎኝ ቆመ። አባዬ መንገድ ላይ ዓይኑን ገልጦ ግራ ቀኝ ሲያይ የሚፈልገው እሱን ነበር። አልነበረማ!»

ኢንስፔክተሯ ለቅሶዋ እስኪበርድ ጠበቀች። «ከአባትሽ ጋር ትቀራረቡ ነበር?»

«ድሮ። ሥራ ይዤ ከሄድኩ ወዲህ አንድ ቀን በስልክ አናግሮኝ አያውቅም። ስደውል የሚያነሳው አጎቴ ነው። ‹አባትሽ አጠገቤ ነው፣ እንዲህ ይልሻል› ይለኛል። ‹ስልኩን ስጠው› ስለው ‹እጁ ሥራ ይዟል› ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ እጁ ሥራ ይይዛል? ትቼው ስለሄድኩ ተቀይሞኝ ነው። ድምፄን መስማት ጠልቶ ነው።» ሆድ ባሳትና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ይሄንን እያሰብኩ ነው የማድረው። ጠልቶኝ ሞተ።»

«ስትመጪስ እንዴት ተቀበለሽ?»

«አቅፎኝ አለቀሰ። ከዚያ ዓይኑን ከፊቴ ላይ ሳይነቅል ዋለ። እንደ እንግዳ ሰው ነው ያየኝ። አጎቴ ደግሞ ለአንድ አፍታ ብቻችንን አልተወንም። አባዬ ጉልበቱን እንደሚያመው ሰምቼ ከምሠራበት ቤት ለጉልበቱ የሚሆን ነገር አምጥቼለት ነበር። ‹እግዜር ይስጥልኝ› እንኳ ሳይለኝ ሄደ።»

«ይሄ መስታወት ሁልጊዜ እዚህ ነው?»

መስታወቱ ከወንበሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። «እኔ ስሄድ አልነበረም። ሲያረጅ መልኩን ማየት ጀመረ መሰለኝ» አለች ልጅቷ፤ ፈገግ ልትል ስትል እንባዋ ቀደማት።

ኢንስፔክተሯ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። መስታወቱ ውስጥ ፊቷን ፈለገች፤ አላገኘችውም። የሚታየው ከጀርባዋ ያለው በር ነው።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከተዳፋቱ በላይ ባለው ቤት ውስጥ፣ እግሯ የማይታዘዝላት አሮጊት አለች። አልጋዋ መስኮቱ ስር ስለሆነና ከሰው ጋር የምታወራው በመስኮት ስለሆነ «እማማ መስኮት» ይሏታል። ተኝታ የሚታያት ሰማይ ብቻ ነው፤ የሚያመልጣት ወሬ ግን የለም።

«ፖሊስ ነሽ? ምነው ዘገየሽ፣ ቅዳሜ ነው የጠበቅኩሽ» አለቻት።

«ይቅርታ እማማ። ቅዳሜ ጠዋት ምን ሰሙ?»

«ከበሮውን ነዋ። ከወዲያ በኩል ሙዚቃ ቢያንባርቁም የኛን ከበሮ ከዚህ አላጣውም። ማቆሚያውን መታ፤ እኔም አጨበጨብኩ።»

«ቆይ... ማቆሚያውን መታ?»

«ምን ሆነሻል? ሳልሰማ አጨበጭባለሁ? ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ማቆሚያ! ግን ግራ ገባኝ። ደገመው። ደግሞ ደገመው። ኸረ እንደ እብድ ነው የደበደበው! አንድ ጊዜ ነው እኮ የሚመታ። ከዚያ አንድ ነገር ጓ ብሎ ወደቀ፤ ከዚያ ኡኡታ።»

«ከኡኡታው በፊት ጩኸት አልነበረም? ‹ቁም!› የሚል? ‹ጠርዙ!› የሚል?»

አሮጊቷ አሰብ አደረገች። «የለም። ከበሮ ብቻ።» ከዚያ ራሷ በነገሩ ተገረመች። «ምነው አልጮኸለትም በይ?»

ኢንስፔክተሯ የአሮጊቷን እጅ ስማ ወጣች፤ ቀጥታ ወደ አዳራሹ ተመልሳ መድረኩ ስር ገባች። የድሮው የመጋዝ ብናኝ ጉድጓድ ውስጥ የፈለገችውን ነገር ተጠቅልሎ አገኘችው። አየችውና መልሳ አለበሰችው።

ጣቢያ ስትመለስ ከበሮ መቺው ሲያያት አልተነሳም። አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና እጁን ሳትጠይቀው አነሳች። ጥፍሮቹ ተሰባብረው ደም ቋጥረዋል።

«ጋሼ፣ ሚስማር በጥፍር ይነቀላል?»

እጁን ነጠቃት።

«ከመድረኩ ላይ ያነሱትን አግኝቼዋለሁ። ማን እንዳመጣውም አውቃለሁ።»

ያ ዝምተኛ ሽማግሌ ከአግዳሚው ተንሸራቶ እግሯ ላይ ወደቀ። «ልጄ፣ በናትሽ! በምትወጂው ሁሉ! አስረሽኝ ዝም በይ። እኔ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። እስር ቤትም ቢሆን አልጋ አለው። ልጅቷን ተያት!»

«ይነሱ ጋሼ፣ እባክዎ ይነሱ።» ደግፋ አስቀመጠችው። «እኔም ዝም ብል ደስ ባለኝ። ግን ዝም ካልኩ ልጅቷ የሚቀራት ምንድን ነው? ድምፄን ጠልቶ ሞተ የምትለው አባት፣ ገዳይ የምትለው አጎት። አንዱን ሐዘን ልንደብቅላት ብለን ሌላውን ዕድሜ ልኳን ልናሸክማት ነው።»

«ይሄኛው ይሻላታል።»

«የሚሻላትን እኔና እርስዎ አይደለንም የምንመርጥላት።»

ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ተደግፎ አለቀሰ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እማማ መስኮትን አናጺው ከነወንበሯ ተሸክሞ አመጣት። አስተባባሪዋ ጥግ ላይ ቆመች። ከበሮ መቺው በካቴና ገባ። ልጅቷ ስታየው ፊቷን አዞረች።

«አላስቸግራችሁም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጋሽ ከበሮ ‹ማቆሚያውን አልመታሁም› ብለው አምነዋል። ዋሽተዋል። እማማ፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቼ አጨብጭቤያለሁ!»

«ደጋግመው መትተዋል፤ እስኪያብዱ። በመጨረሻም ከበሮውን ጥለው ሮጠዋል፤ ጓ ያለው እሱ ነው፣ የከበሮውም ጠርዝ ተሰንጥቋል። አልደረሱበትም። እንግዲህ አስቡት። ጓደኛችሁ ዓይናችሁ እያየ ወደ ገደል ሲሄድ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው?»

«መጮህ ነዋ» አለ አናጺው።

«እሳቸው ግን አልጮኹም። ለምን? ጩኸት እንደማይጠቅም ስለሚያውቁ ነው። ጋሽ እግሬ አይሰማም ነበር።»

«ምን?» አለች ልጅቷ።

«የመሰንጠቂያው መጋዝ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ ወደ እሷ ዞራ፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከዚያ መጋዝ ስር የኖረ ሰው ጆሮው ቀስ በቀስ ይሄዳል፤ የአባትሽ ጨርሶ ሄደ። አስተባባሪዋ ከኋላ ስትጠራው ያልዞረው ንቆ አይደለም። መዶሻ ያላስደነገጠው ደፍሮ አይደለም። መስታወቱን የሰቀለው መልኩን ሊያይ አይደለም፤ በሩ ሲከፈት ስለማይሰማ ነው። አንቺንም ሲያይሽ የዋለው ከንፈርሽን ለማንበብ ነው። ስልክ ግን ከንፈር የለውም።»

አስተባባሪዋ «ወይኔ!» ብላ ጥጓ ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ ቆማ ቀረች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም።

«የማይሰማ ሰው ታዲያ ማቆሚያውን በምን ያውቀው ነበር?» አለ አናጺው።

«ራሱ ሲነግራችሁ ኖሯል፤ እግሬ ያውቃል ይል አልነበር? ባዶ እግሩን ሳንቃው ላይ ቆሞ ከበሮውን ከሥር ይቀበለዋል። ስስ ሸራ አይከለክለውም። ያን ቀን ግን ከበሮው እግሩ ጋ አልደረሰም። በእግሩና በሳንቃው መካከል አንድ ነገር ነበር፤ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው። የሸራው ቀዳዳ ይናገራል። አምቡላንሱ ሲሄድ ጋሽ ከበሮ የቀሩት ያን ነገር ለማንሳት ነው። ሸራውን በጥፍራቸው ነቅለው፣ በድንጋይ መልሰው መትተውታል። አናጺውንም ‹ስለዚያ ነገር እንዳትናገር› ብለው አስምለውታል።»

«አስምለውኛል» አለ አናጺው። «እኔ የወጠርኩት ነገር አደናቅፎት መስሎኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ኢንስፔክተሯ የሚቀጥለውን ቃል ከትናንት ጀምራ አፏ ውስጥ ስታገላብጠው ነበር። ልጅቷ ቀደመቻት። ቀስ ብላ ወደ መድረኩ ወጣች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ሸራው ላይ ቆመች። ተራመደች። ሥሩ ደረቅ ሳንቃ ነው።

«ምንጣፌስ?» አለች።

ጎንበስ ብላ ሸራውን በእጇ ዳበሰች።

«እዚህ ሸራው ሥር ምንጣፍ አንጥፌ ነበር። ልጆቹ የሚዘልሉበትን፣ ወፍራሙን ስፖንጅ። ለጉልበቱ ብዬ። ከአናጺው ጋር ሆነን ነው ያነጠፍነው። ምንጣፌ የታለ?» ወደ ከበሮ መቺው ስታይ ገባት። እዚያው ሸራው ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ» አለች። «አጎቴ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«አይደለሽም!» ሽማግሌው ከነካቴናው መድረኩ ላይ ወጣ፤ ማንም አልከለከለውም። «አይደለሽም፣ እኔ ነኝ። ይቺ ሴትዮ ብልህ ናት፣ ሁሉን አወቀች፤ ይሄንን ግን አታውቅም። አባትሽ ምንጣፉን አውቆታል።»

ኢንስፔክተሯ ቀና አለች።

«ገና እግሩን ሲያሳርፍበት አወቀ። ሳቀ። ‹ማን ነው?› አለኝ። ‹ልጅህ ናት፣ ለጉልበትህ ብላ› አልኩት። ከበሮውን መታሁ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ምንም አልመጣለትም። ‹እናንሳው› አልኩት። እምቢ አለ። ‹ልጄ ያነጠፈችልኝን አነሳለሁ? ከሰዓት ስትመጣ ብታጣው ለምን አነሳኸው ብትለኝ ምን እላታለሁ?› አለኝ። መስማት እንዳቆመ ካወቅሽ ሥራሽን ጥለሽ ልትጦሪው ትመጫለሽ ብሎ ይፈራ ነበር። ለዚያ ነው የደበቀሽ፤ እኔንም ያስማለኝ። ‹እርምጃዬን ቆጥሬ እጨፍረዋለሁ፣ ዛሬ ልሞክረው› አለ። ቆጥሮ ተሳሳተ። ጎትቼ ማንሳት ነበረብኝ። ምንጣፉን ገፍፌ መጣል ነበረብኝ! ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ጨክኜ ልነጥቀው አልቻልኩም። ማቆሚያውን አልመታሁም ያልኩት ውሸት ነው፤ ገደልኩት ያልኩት ግን ውሸት አይደለም።»

አዳራሹ ውስጥ የእማማ መስኮት ለቅሶ ብቻ ይሰማል። ኢንስፔክተሯ ወጥታ ካቴናውን ፈታችለት። «ይሄ ጉዳይ ገዳይ የለውም» አለች። «አዛዤ ደስ አይለውም፤ ግን የለውም።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ምነው ቢነግረኝ?» አለች። «ራሴ አነሳው ነበር እኮ። ሥራዬንም አልተውም ነበር። ምነው ቢነግረኝ ኖሮ?»

ሽማግሌው አጠገቧ በጭንቅ ተቀመጠ። እሷም አልሸሸችውም።

«አጎቴ።»

«ወዬ ልጄ።»

«በሥራ ቦታዬ ኃላፊ ያደረጉኝ ቀን ደውዬ ነገርኩህ። ‹አባዬ ምን አለ?› ስልህ ዝም አልክ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ ዝም። ግድ አልሰጠውም ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ። ለምን ዝም አልክ?»

«እያለቀሰ ነበር» አለ። «ከንፈሬን አይቶ ‹ድገምልኝ› አለኝ፤ ደገምኩለት፤ ከዚያ ፊቴ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቃል ቢሆን እነግርሽ ነበር። እሱን በስልክ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?»

ልጅቷ ጮኻ አለቀሰች፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ አላለቀሰችም። ሽማግሌው በተሰባበረው እጁ ጀርባዋን ይደባብሳታል። ኢንስፔክተሯ ለሌሎቹ በዓይኗ ምልክት ሰጠች። አናጺው እማማ መስኮትን ተሸከመ፤ አስተባባሪዋ በሩን ያዘችለት፤ አንድ በአንድ ወጡ። ኢንስፔክተሯም ፋይሏን አንስታ ተከተለቻቸው። ከመውጣቷ በፊት የልጅቷን ድምፅ ሰማች።

«ሌላውንስ? የነገርኩህንና ያለውን ሁሉ ታስታውሳለህ?»

«ሁሉንም።»

«እንግዲያው ንገረኝ። አንዱንም ሳትተው።»

ሽማግሌው እንባውን በክንዱ ጠረገ፤ ፊቱን ወደ እሷ አዞረና ከመጀመሪያው ስልክ ጀምሮ ይነግራት ጀመር።